ብዙ ያሸነፈ ፈረስ ሁሉ ጥሩ አባት ይሆናል?

ወንድማችን የጠየቅከው ሦስት ነገር ነው። ብዙ ያሸነፈ ፈረስ አሸናፊ ይወልዳል ወይ? አንድ ባዝራ ለማስጠቃት በመቶ ሺዎች ፓውንድ የሚጠየቀው ለምንድነው? እንደ ወተት ላም በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀልስ ለምን አይቻልም? ላለችህ ባዝራም የቀዘቀዘ ዘር ገዝተህ አገር ቤት ለማስገባት አስበሃል። እንግሊዝ ውስጥ ኒውማርኬት አካባቢ የእርባታ ጋጣ ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማሸነፍ ዋስትና አይሆንም። ሲጋር የሚባለው የአሜሪካ ፈረስ 16 ውድድር በተከታታይ አሸንፏል። በ1996 የመጀመሪያውን የዱባይ ዓለም ዋንጫ የወሰደውም እሱ ነው። ለእርባታ ሲገባ ግን መካን ሆኖ ተገኘ፤ አንድም ውርንጭላ አልተወለደለትም። ፍራንክል ደግሞ 14 ጊዜ ሮጦ 14ቱንም አሸነፈ፣ በልጆቹም ቀናው። ቀድመህ ልገምት ብትል አትችልም።

እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሁሌ የማነሳው ዱባዊ የሚባለውን ድንጉላ ነው። አባቱ ዱባይ ሚሊኒየም 10 ጊዜ ሮጦ 9ኙን ያሸነፈ፣ በ2000 የዱባይ ዓለም ዋንጫን እየፈነጨ የወሰደ ፈረስ ነበር። በዓመቱ፣ ገና የመጀመሪያ የእርባታ ወቅቱ ላይ እያለ፣ አንጀትን በሚያሽመደምድ የሣር በሽታ ሞተ። የቀሩት የአንድ ወቅት ልጆች ብቻ ናቸው። ባለቤቱ፣ የዛሬው የዱባይ ገዢ ሼህ መሐመድ፣ በሌሎች እጅ ያሉትን ሳይቀር እያሳደዱ ገዙ። ዱባዊ ከእነዚያ አንዱ ነው፤ በ2002 ተወለደ። እናቱ ዞማራዳም ቀላል አልነበረችም፣ በ1998 የጣሊያን ኦክስ የሚባለውን ውድድር አሸንፋለች። ሰው አባቱን ብቻ ነው የሚያወራው፤ የእናት ነገር ይረሳል።

ዱባዊ ቁመቱ ያን ያህል አይደለም። 8 ጊዜ ሮጦ 5 አሸነፈ። በ2005 የአየርላንድ 2000 ጊኒስ እና ፈረንሳይ ዶቪል ላይ ዣክ ለ ማርዋ የሚባሉትን ውድድሮች ወሰደ። ሁለቱም 1,600 ሜትር ናቸው። 2,400 ሜትር በሆነው የኤፕሰም ደርቢ ግን ሦስተኛ ወጣ፤ ርቀቱ በዛበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ2006 ለእርባታ ሲገባ አንድ ባዝራ ለማስጠቃት ዋጋው 25,000 ፓውንድ ነበር። በ2009 ወደ 15,000 ወረደ። ለምን መሰለህ? ባዝራ ዛሬ ብትጠቃ 11 ወር ታረግዛለች፣ ውርንጭላው ሜዳ ላይ የሚታየው ደግሞ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ ገበያው ይቀዘቅዛል። ሁሉም ዓይኑን አዲስ በመጣው ድንጉላ ላይ ይጥላል። ከዚያ ልጆቹ መሮጥ ጀመሩ። በጨረታ በ26,000 ጊኒ (ከፓውንድ ትንሽ የሚበልጥ የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ መቁጠሪያ) ብቻ የተሸጠው ማክፊ በ2010 የኒውማርኬትን 2000 ጊኒስ ዘርሮ ወሰደ። በዚያው ዓመት አባቱ ያሸነፈበትን የዶቪል ውድድርም ደገመው። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ማን ያቁመው! በ2017 ዱባዊ 250,000 ገባ፤ በ2023 ደግሞ 350,000። እንግዲህ ታዋቂ ድንጉላ በአንድ ወቅት ከመቶ በላይ ባዝራ ያጠቃል፤ ሒሳቡን አንተው ሥራው።

ሰው ሠራሽ ማዳቀል ያልከው ለቶሮብሬድ፣ ማለትም እስካሁን ላነሳኋቸው የእሽቅድምድም ፈረሶች ዝርያ፣ ክልክል ነው። ድንጉላው ራሱ ካላጠቃ ውርንጭላው በቶሮብሬድነት አይመዘገብም። ስለዚህ ባዝራዋ በመኪናም በአውሮፕላንም ተጭና እሱ ያለበት ድረስ ትመጣለች። ድራቷን መጀመሪያ የሚፈትነው ዋጋ የሌለው ሌላ ድንጉላ ነው። ምስኪን፣ አሽትቶ ይመለሳል፤ እርግጫ ካለም የሚቀምሰው እሱ ነው። ከዚያ ጭራዋ በፋሻ ይጠቀለላል፣ ትታጠባለች፣ የኋላ ኮቴዋ ላይ ወፍራም ጫማ ይደረግላታል። በሚሊዮን የሚገመት እንስሳ በአንድ እርግጫ እንዳይሰበር ነው። እኛም የራስ ቁር አድርገን ነው የምንገባው። አንድ ሰው ሥራው የድንጉላውን ጭራ ማየት ብቻ ነው፤ ጭራው ከፍ ዝቅ ካለ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። ሁሉም ነገር ከደቂቃዎች አያልፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቶሮብሬድ ሁሉ ዕድሜው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው። በግንቦት የተወለደ ውርንጭላ በጥር ከተወለደው ጋር እኩያ ተብሎ ይሮጣል። ለዚህ ነው ቀኑ በሚያጥርበት የፈረንጅ ብርድ ወራት ጋጣው ውስጥ መብራት እስከ ማታ የሚበራው፤ ባዝራዎቹ ቀኑ የረዘመ መስሏቸው ቶሎ እንዲደሩ።

የቀዘቀዘ ዘር ገዝቼ አገር ቤት ላስገባ ያልከውን በተመለከተ፣ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ከሚፈቅዱ ሌሎች ዝርያዎች ብትፈልግ ይሻልሃል። ለግልቢያ ብቻ ከሆነማ ቶሮብሬድ ምን ያደርግልሃል? ቆዳው ስስ ነው፣ ብርድ አይችልም፣ ቅልቡም ኪስ ያራቁታል። ያለችህ ባዝራ ምን ያህል ቁመት እንዳላትና ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጻፍልኝና እናያለን።