«ብዙ» ስንት ነው?

ልጆቼ፣

በቀደም ከእናንተ አንዷ «ድሮ አቃቂ ወንዝ ላይ ወፎቹ ይበዙ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አሮጌውን ደብተር ገለጥሁት። «ጳጉሜን 3፣ ጠዋት፣ ትልቁ አቃቂ፤ ሳንድፓይፐር፣ ተርን፣ ብዙ» ይላል። ሳንድፓይፐር ጭቃ ላይ የሚለቅም የውሃ ዳር ወፍ ነው፤ ተርን ደግሞ ከውሃ በላይ እየበረረ የሚያድን። ሃያም ብዙ ነው፣ ሁለት ሺህም ብዙ ነው። የትኛው ሳንድፓይፐር? እሱም አልተጻፈም። ለልጅቷ የምሰጣት አንድ ቁጥር እንኳ አጣሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ያች መስመር አስቀድማ የውሃውን ሁኔታ መያዝ ነበረባት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወንዙ ከጎርፍ በኋላ ዳርቻውን ስለሚውጠው ወፍ ቆሞ የሚለቅምበት ጭቃ አይኖርም። ዝናቡ ሁለት ሦስት ቀን ጋብ ካለ ደለሉ ብቅ ይላል፤ ወፎቹም ይወርዳሉ። ይህ ካልተጻፈ «ወፍ ጠፋ» እና «ውሃው ሞልቶ ነበር» አይለዩም።

ከዚያ ዓይነቱ። አስጎብኚዎች በሚጠሯቸው ስም ልጥራቸው። ጀርባው የጠቆረ፣ ብድግ ሲል ክንፉ ከሥር ጥቁር መስሎ ወገቡ (ከጭራው በላይ ያለው) ነጭ ሆኖ የሚያበራው ግሪን ሳንድፓይፐር ነው። ዉድ ሳንድፓይፐርም ወገቡ ነጭ ስለሆነ ያሳስታል፤ የእሱ ክንፍ ግን ከሥር ገርጣ ያለ፣ ጀርባው በነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ እግሩም ቢጫ ቀመስ ነው። ጭራውን ሳያርፍ የሚነቀንቀው፣ ሲበር ውሃውን ታክኮ የሚሄደው ኮመን ሳንድፓይፐር ነው።

ተርኖቹን ሁለቱ አቃቂዎች፣ ትልቁና ትንሹ ወንዝ፣ የሚገቡበት አባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ላይ ፈልጉ። በዚህ ወቅት ላባ ስለሚቀይሩ መልካቸው ዝብርቅርቅ ነው፤ ስለዚህ ወገባቸውን እዩ። ጀርባው ላይ ቡናማ ኮርቻ የተጫነ መስሎ ወገቡ ነጭ ከሆነ የዘንድሮ ጫጩት ዋይት ዊንግድ ተርን ነው። ጀርባና ወገቡ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ዊስከርድ ተርን ነው።

ሲቆጠር አሥሩን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይናችሁ ይዛችሁ መንጋውን በዚያ ለኩት። ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። ተርን ነፋሱን እየገጠመ ይሄድና ዞሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ የሚያልፈውን እየቆጠራችሁ ከቆያችሁ አንዱን ወፍ አምስት ጊዜ ትጽፉታላችሁ። ውሃው ላይ ያለውን በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በዓይናችሁ እየጠረጋችሁ ቁጠሩ።

የዘንድሮ ወጣት ፎቶ ያላነሣውን ወፍ ያየው አይመስለውም። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ ስክሪን ስታዩ ወፉ ወገቡን አሳይቶ ይሄዳል። ድምፁን ግን ቅረጹ፤ ግሪንና ዉድ ሳንድፓይፐርን ብዙ ጊዜ የሚለያቸው ድምፅ ነውና ስልኩን ማውጣታችሁ አይቀርም። ባይኖኩላር 8 በ42 (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር) ይበቃል፤ 10 የሚያጎላው ለጀማሪ እጅ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ከምሥራቁ ዳር ሁኑ፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። ሰማዩ ከጠራ ከ3 ሰዓት በኋላ የሙቀቱ ትንፋሽ የእግር ቀለም ያጠፋል።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ሄዶ መመለስ አይበቃም። ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ የሚደርሱት በአብዛኛው ትልልቆቹ ናቸው፤ ጫጩቶቹ ከሳምንታት በኋላ፣ ብዙዎቹ ወላጅ ሳይመራቸው፣ ከሰሜን እስከዚህ ድረስ ይመጣሉ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይደንቀኛል። እስከ መስቀል ድረስ በየሳምንቱ በዚያው ሰዓት እዚያው ቦታ ቁሙ፤ ምንም ካላያችሁም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ከፍታ ጽፋችሁ 0 አስቀምጡ። ወንዙ የከተማውን ቆሻሻ ስለሚሸከም ዳቦ ከማውጣታችሁ በፊት ከቤት በያዛችሁት ውሃ ታጠቡ።