ሚስማሩ አዘዞ፣ ጎሚስታው ፒያሳ

ጥያቄ፦ የጎንደር ነዋሪ ነኝ። አዘዞ ላይ መኪናው ሚስማር ወጋው። ፒያሳ አካባቢ ጎሚስታ ጋ ወስጄ አስለጠፍኩት። በአራተኛው ቀን ወደ ቆላ ድባ ስሄድ ያው ጎማ ፈነዳና ከፊት ለፊት ይመጣ ከነበረ ባጃጅ ጋር ተጋጨሁ። ከባጃጁ ባለቤት ጋር በሽማግሌ ጨርሰናል፤ 38,000 ብር ከፍያለሁ። ጎማውን ጎሚስታው «ልየው» ብሎ ወስዶታል። የከፈልኩትን ብርና የመኪናውን ማሠሪያ እንዲከፍለኝ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እንኳን ነፍስዎ ተረፈ። መክሰሱን ይችላሉ። ጎሚስታው ጎማዎን ተቀብሎ፣ ሠርቶ፣ ሒሳብ ከተቀበለ ወረቀት ባይጻፍም ውል አለ። ሥራውን ሙያው በሚጠይቀው ልክ ካልሠራና ጉዳቱ የመጣው በዚያ ምክንያት ከሆነ ይጠየቃል። የማስረዳቱ ሸክም ግን የእርስዎ ነው። ክሱ በውሉ ሳይሆን ከውል ውጭ ኃላፊነት ተብሎ ከቀረበ ደግሞ በ2 ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143) ነገሩን አያሳድሩት። ሕጉ ይኸው ነው።

አሁን ያልነገሩኝን እንይ።

ሚስማሩ የገባው አዘዞ ነው። ጎማው የተለጠፈው ፒያሳ ነው። በመሃል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። አዘዞ ላይ ጎሚስታ ጠፍቶ ነው? ስኮርታ ቀይረው ነው የሄዱት ወይስ በተነፈሰው ጎማ? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዝም ያሉት ሁለተኛው ስለሆነ ይመስለኛል። ጎማ ነፋስ ሳይኖረው ሲሽከረከር ጎኑ እየታጠፈ ከውስጥ ይፈጫል። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን አልቋል። እንዲህ ያለ ጎማ ሚስማሩ የገባበት ቦታ የቱንም ያህል ጥሩ ቢለጠፍ በሌላ በኩል ሊፈነዳ ይችላል። የጎሚስታው ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ይሆናል። ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የመጣ ከሆነ ካሳው ይቀነሳል (ቁጥር 2098)።

ተስፋ ግን አይቁረጡ። ደንበኛ የሆነ ጥገና ጎማውን ከቸርኬው አውርዶ፣ ውስጡን አይቶ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ ከውስጥ መለጠፍ ነው። ያውም ሚስማሩ በመሃለኛው መርገጫ ከገባና ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ነው። ጎኑን ከወጋው አይጠገንም። ከውጭ ላስቲክ ጠቅጥቆ መሸኘት ለጊዜው ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ስለዚህ ጎማውን አውርዶት ነበር? አውርዶት ከነበረ የተፈጨውን ላስቲክ ማየት፣ አይቶም «ይሄ አይሆንም» ማለት ነበረበት። ካላወረደው ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ሲሠራ አጠገቡ ቆመው ነበር? ማን አብሮዎት ነበር? በቴሌብር ከከፈሉ መልእክቱን እንዳያጠፉት።

ይህን ሁሉ የሚናገረው ጎማው ነው። እርስዎ ደግሞ ብቸኛውን ማስረጃዎን ለሚከሱት ሰው አስረክበው መጡ! የፈነዳው በተለጠፈበት በኩል ነው ወይስ በጎኑ? ባለሙያ ይህን የሚያውቀው ጎማውን ሲያይ ነው። ዛሬውኑ ሁለት ምስክር ይዘው ሄደው ይጠይቁት፤ ሳይጣሉ። ካልሰጠ ወይም «ጣልኩት» ካለ ምስክሮቹ ይስሙት። ጠበቃዎ ቀጥሎ የሚደረገውን ያውቃል።

ከጎማው ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን «በሽማግሌ ጨርሰናል» የምትለው ቃል ናት። ሽማግሌ ጠልቼ አይደለም። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ ሽማግሌ ስንት ቂም እንዳበረደ አውቃለሁ። ችግሩ ወረቀቱ ነው። እኔ ጋ የሚመጡ ደንበኞች በመኪና ግጭት አሥር ጊዜ ቢመጡ ብዙውን ጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ያቺ የታጠፈች ወረቀት አለች። አስፋልት ዳር፣ ኮፈን ላይ የተጻፈች። «ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አምኜ ይህን ያህል ብር ከፍያለሁ» ትላለች። ከሥር ሦስት የሽማግሌ ፊርማ አለ። የእርስዎም እንዲህ ትላለች? ሳላያት መናገር አልችልም፤ ግን እፈራለሁ።

ለምን እንደምፈራ ልንገርዎት። የመኪና ባለንብረት ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው (ቁጥር 2081)። እንግዲህ ለመክፈል ብሎ «አጥፍቻለሁ» ማለት አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ፣ የአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት ካልተረጋገጠ በቀር፣ ሕጉ ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ቆጥሮ ኪሳራውን ለሁለት ይከፍለዋል (ቁጥር 2084)። እርስዎ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ከፈረሙ ግማሹን የመከራከር ዕድል በገዛ እጅዎ ዘግተዋል ማለት ነው። እርቅ ደግሞ በታራቂዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው (ቁጥር 3312)። «መብቴን አላወቅሁም ነበር» ብሎ ማፍረስ አይቻልም።

ጎሚስታው ግን ታራቂ አይደለም። 38,000 ብሩን የተስማሙት እርስዎና የባጃጁ ባለቤት ናችሁ፤ ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነው (ቁጥር 1952)። «የባጃጁ ጉዳት 12,000 ነበር፣ የቀረው የእርስዎ ቸርነት ነው» ሊል ይችላል። ያቺኑ ወረቀት አውጥቶም «ራሱ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ፈርሟል» ይላል። አንዲት ወረቀት በሁለት በኩል ትቆርጥዎታለች።

ኢንሹራንስስ? ስሙን አንድ ጊዜም አላነሱትም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። የባጃጁን ጉዳት፣ እስከ ጣሪያው ድረስ፣ መክፈል የነበረበት መድን ሰጪው ነው። የንግድ ሕጉ አደጋውን እንዳወቁ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ፣ ለመድን ሰጪው ያሳውቁ ይላል። ፖሊሲዎ ላይ ደግሞ «ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ኃላፊነት አለማመን፣ አለመታረቅ» የሚል አንቀጽ መኖሩ አይቀርም። አሳውቀዋል? ካላሳወቁ ቀኑ አልፎም ቢሆን በጽሑፍ ያሳውቁ። ምላሻቸውንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል «አይሆንም» ካሉዎት ተቀብለው አይመለሱ።

ሌላም አለ። የባጃጁ ሾፌር ወይም ተሳፋሪ ተጎድቷል? ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) አንስቷል? ሰው ተጎድቶ ከሆነ የወንጀሉን ጉዳይ ሽማግሌ ብቻውን ላይዘጋው ይችላል። ይህን ሳይነግሩት ጠበቃ አያማክሩ፤ እኔ ላይ የደበቁትን እሱ ላይ አይድገሙት።

በመጨረሻ፣ ደብዳቤዎ ላይ «መኪናው» እንጂ «መኪናዬ» የሚል ቃል አጣሁ። ሊብሬው በማን ስም ነው? የወንድምዎ ወይም የሌላ ሰው ከሆነ የመኪናውን ማሠሪያ የሚጠይቀው ባለንብረቱ ነው፤ ቢያንስ ውክልና ያስፈልግዎታል። ገዝተው ስም ሳያዛውሩ እየነዱ ከሆነ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ራስ ምታት ነው።

ሊብሬውን፣ የመድን ፖሊሲውን፣ የእርቁን ወረቀት ቅጂ፣ የትራፊክ ሪፖርቱን፣ የቴሌብር መልእክቱንና የጋራዡን የዋጋ ግምት ይሰብስቡ። መኪናውን ካላሠሩት ከማሠራትዎ በፊት በየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ጠበቃ ያማክሩ። አቅም ካነሰዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ። ክሱን ራስዎ ጽፈው እንዳያስገቡ፤ ያቺን ወረቀት ሳያይ ማንም ክስ ቢጽፍልዎት እንኳ አይፈርሙ። ለጎማው ግን ጠበቃ እስኪያገኙ አይጠብቁ።