ሌሊት እየተነሳ አንድ ዓይኑን ለሚይዘው ወንድምሽ፦ ስለ ክላስተር ራስ ምታትና ስለ ኦክስጅን

እህቴ፣ አብሽሪ። ጥያቄሽን ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። የ34 ዓመቱ ወንድምሽ ደሴ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ከእንቅልፉ እየባነነ ቀኝ ዓይኑን ይዞ ይጮኻል፤ ዓይኑ ይቀላል፣ ያነባል፣ አፍንጫው ባንድ በኩል ይደፈናል። ከሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ሳይነስ ተብሎ አንቲባዮቲክ ጨርሷል፣ መንጋጋው ተነቅሏል፣ ዲክሎፌናክም ትራማዶልም አላስታገሰለትም። «ኦክስጅን ያድነዋል ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?» ብለሻል።

እውነት ነው። ግን ኦክስጅኑ የሚሠራው በትክክለኛው ማስክ፣ በትክክለኛው መጠንና ሕመሙ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ሲሰጥ ብቻ ነው። «ሞክረን አልሠራም» የሚሉ ብዙዎች ከሦስቱ አንዱ ጎድሎባቸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ። የጻፍሽው ክላስተር ራስ ምታት የሚባለውን በጣም ይመስላል፤ ማረጋገጥ ግን የሐኪም ሥራ ነው። ሁልጊዜ ባንድ ወገን፣ ዓይን ውስጥ ወይም ከዓይን በላይ ወይም ጆሮ ግንድ ላይ ይነሳል። ሳይታከም ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። በሁለት ቀን አንዴ ለሚነሳበትም፣ በቀን እስከ 8 ጊዜ ለሚነሳበትም ሰው ስሙ አንድ ነው። በታመመው ወገን ዓይን ይቀላል፣ እንባ ይወርዳል፣ ንፍጥ ይመጣል፣ የዓይን ቆብ ይወድቃል ወይም ያብጣል፣ ግንባር ያልበዋል። ከማይግሬን የሚለየው ትልቁ ምልክት ጠባዩ ነው። ማይግሬን ያለበት ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ ዝም ብሎ መተኛት ይፈልጋል። ይሄኛው መተኛት አይችልም፤ ይንቆራጠጣል፣ ራሱን ይመታል፣ ውጪ ለውጪ ይዞራል። ሰዓት ጠብቆ መምጣቱም የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ቀንና ሌሊትን የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በሕመሙ ውስጥ እጁ ስላለበት ነው።

አፍንጫው ስለሚደፈን ሳይነስ ይባላል፤ ሕመሙ ወደ ላይኛው መንጋጋ ስለሚወርድ ጥርስ ይነቀላል። እባክሽ ሁለተኛ ጥርስ እንዳይነቀል። ሳይነስ በየሌሊቱ በሰዓቱ መጥቶ በሰዓት ተኩል ውስጥ ጠርጎ አይሄድም።

ክኒኖቹ ያልሠሩለት አንዱ ትልቅ ምክንያት መዘግየታቸው ነው። የተዋጠ ክኒን ከሆድ ወደ ደም እስኪገባ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የዚህ ሕመም ጫፍ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሕመሙ በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ፣ በ50ኛው ደቂቃ ላይ የተደረገ ሁሉ ያዳነ ይመስላል፤ ዳማከሴው፣ ዋግምቱ፣ ትራማዶሉም። በጠበልም በዱዓም የሚጽናና ሰው ይጽናና፤ ግን ጆሮ ግንዱን አታስበጡት፣ ትራማዶሉንም በየቀኑ አታስለምዱት። ትራማዶል ለዚህ ሕመም መድኃኒቱ አይደለም፤ ሱስና ተጨማሪ ራስ ምታት ያመጣል።

አሁን ወደ ኦክስጅኑ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በደቂቃ 12 ሊትር ንጹሕ ኦክስጅን ለ15 ደቂቃ ሰጥቶ ሲመዝን፣ ከ100 ጊዜ በ78ቱ ሕመሙ ጠፍቷል ወይም በበቂ ሁኔታ ቀሏል፤ ተራ አየር ሲሰጥ ግን በ20ው ብቻ። ስለዚህ የምትፈልጉት በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር ነው። አፍንጫ ውስጥ የምትገባዋ ባለ ሁለት ቀንድ ቀጭን ቱቦ ለዚህ አትሆንም፤ የክፍሉ አየር ስለሚቀላቀልባት ንጹሕ ኦክስጅን አይደርሰውም። የሚያስፈልገው ከታች ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ በጎኑ ክዳን ያለው ማስክ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማሽንም አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5 ወይም 10 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ንጽሕናውም ከሲሊንደር ያንሳል፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዋጋ የለውም። ሲሊንደር ይሻላል።

ሬጉሌተሩ፣ ማለትም ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠመው የፍሰት መቆጣጠሪያ፣ እስከ 15 የሚቆጥር መሆኑን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። በየሆስፒታሉ ከሬጉሌተሩ ጋር የምትሰቀለዋን የውሃ ጠርሙስ አውልቋት፤ በዚህ ፍጥነት ታፈተልካለች፣ ለ15 ደቂቃ ደግሞ እርጥበት አያስፈልግም። ኮምቦልቻ ውስጥ ለብየዳ የሚሸጠው ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ለሰው ሳንባ ተብሎ የተሞላ አይደለም።

ሂሳቡም ቀላል ነው። የሲሊንደሩን የሊትር ይዘት በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ላይ ባለው ባር፣ ማለትም በግፊቱ ቁጥር፣ ማባዛት ነው። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 1500 ሊትር ኦክስጅን አለው። አንድ ጊዜ መጠቀም 12 ሲባዛ በ15፣ ማለትም 180 ሊትር ይበላል፤ ስለዚህ ትንሹ ሲሊንደር 8 ጊዜ ነው የሚያገለግለው። በሌሊት ሁለቴ ከተነሳበት አራት ሌሊት ማለት ነው። 40 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ግን 6000 ሊትር ስላለው 33 ጊዜ ይደርሳል። አቅም ካለ ትልቁን ቤት አቁሙ፣ ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት እሰሩት፤ ትንሹን ለመንገድ ያዙ።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ማታ ከመተኛቱ በፊት ማስኩ ተሰክቶ፣ ሬጉሌተሩ ተጠምዶ፣ ሲሊንደሩ አልጋው አጠገብ ይደር። ሕመሙ «ጀመረኝ» ሲለው፣ ጫፍ ሳይደርስ፣ ቫልቩን ቀስ ብሎ ይክፈት፣ ፍሰቱን 12 ላይ ያድርግ፣ ከረጢቱ እስኪነፋ ይጠብቅ፣ ከዚያ ማስኩን ያጥብቅ። ተቀምጦ ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል፤ በዝግታና በጥልቀት ይተንፍስ። ሲስብ ከረጢቱ ጨርሶ የሚጨማደድ ከሆነ ወደ 15 ከፍ ያድርግ። ጢም ካለው በጎን ያፈስበታል፤ በእጁ ጫን ያድርገው። አንዳንዱ ማስክ በአንድ ጎኑ ክፍት ቀዳዳ አለው፤ ከረጢቱ ሙሉ እስከሆነ ድረስ በጣት ይሸፈን፣ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ግን ማስኩ ወዲያው ይውለቅ። ሲለቀው ወዲያው አያቁም፤ አምስት ደቂቃ ይጨምር፣ አለዚያ ይመለስበታል። በ20 ደቂቃ ምንም ለውጥ ከሌለ ይተወው። የቆየ የሳንባ ሕመም ካለበት ግን ይህን ሁሉ ሐኪም ሳያየው አይጀምር።

ስለ እሳት አጥብቄ ነው የምናገረው፤ የኛ ቤት ከሰልና ዕጣን የማይጠፋበት ነውና። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፣ የሚነደውን ግን ያንቦገቡገዋል። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ሲሊንደር አይቁም፣ ዕጣንም ሲጋራም አይጨስ፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ ይዞ መቅረብ አይታሰብ፤ ባትሪ አዘጋጁ። ሬጉሌተሩን በቅቤ ወይም በቫዝሊን እጅ መንካት አደገኛ ነው፤ ቅባት ከታመቀ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል። ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች እናት ልጇን ልትረዳ ከሲሊንደሩ ላይ እንዳትደገፍ። ጋቢም ኦክስጅን ይይዛል፤ ከጨረሰ በኋላ መስኮት ከፍቶ፣ ጋቢውን አራግፎ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ከምድጃ ይራቅ።

ከኦክስጅን ሌላ ፈጥኖ የሚደርሰው የሱማትሪፕታን መርፌ ነው፤ 6 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር ይወጋል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከሁለት አይበልጥም፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያስፈልጋል። የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ላለበት አይሰጥም። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ በርጫ ላይ ቆይቶ መወጋት አይገባም። ክኒኑ እዚህም ይዘገያል።

ፋርማሲ ውስጥ ለራስ ምታት ኤርጎታሚን የሚሰጧችሁ ካሉ ይህን እወቁ። ኤርጎታሚን ከወሰደ በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላ ሱማትሪፕታን አይወጋም፤ ሁለቱም የደም ሥር ያጠባሉ። ኤርጎታሚን ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ከተባሉት አንቲባዮቲኮችና ከአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ የእጅና የእግር ደም እስኪቆም ሊያደርስ ይችላል። ወሎ ይህን መርዝ ያውቀዋል። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ፈንገስ የያዘው ሲናር ከእህል ጋር ተፈጭቶ ተበልቶ፣ እግራቸው የጠቆረባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ያ ፈንገስ ኤርጎታሚን የሚገኝበት ነው። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም።

እነዚህ የተነሳውን ማቆሚያዎች ናቸው። እንዳይነሳ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ሦስት ሳምንት ለቆየበት ሰው ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ዋናው መከላከያ ቬራፓሚል ነው፣ ያው የደም ግፊት መድኃኒቱ። ብዙ ጊዜ 80 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ ተብሎ ይጀመርና ከ10 እስከ 14 ቀን እየቆየ በ80 ይጨመራል። ከመጀመሩ በፊትና መጠኑ በጨመረ ቁጥር የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ መነሳት አለበት፤ የልብን የኤሌክትሪክ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል። ይህን ሳይጠይቅ የሚጨምርላችሁ ካለ እናንተ ጠይቁ። ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የተባሉትን የልብና የግፊት መድኃኒቶች እየወሰደ ከሆነ አብሮ አይሰጥም። ሆድ ያደርቃል፤ ውሃና ተልባ ያብዛ። ጥቅሙ ለመታየት አንድ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ «በሦስት ቀን አልሠራም» ተብሎ አይጣል።

ያ እስኪሠራ ድልድይ የሚሆነው ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ክኒን ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው የጀርመን ጥናት የቅርብ ዘመዱን ፕሬድኒሶንን በቀን 100 ሚሊግራም ለ5 ቀን፣ ከዚያ በየ3 ቀኑ 20 እየቀነሰ ሰጥቷል፤ በባለ 5 ሚሊግራም ክኒን 220 ፍሬ በ17 ቀን ማለት ነው። ቁጥሩን የጻፍኩት ሐኪሙ ሲያዝላችሁ «በዛ» ብላችሁ እንዳትደነግጡና ግማሽ ላይ እንዳታቆሙ እንጂ፣ ራሳችሁ እንድትገዙ አይደለም። የተደበቀ ቲቢ ሊቀሰቅስ፣ ስኳር ከፍ ሊያደርግ፣ ስትሮንጂሎይድስ የተባለውን የአንጀት ትል በሰውነት ሊያሰራጭ ይችላል። ስለዚህ የደረት ራጅ፣ የስኳርና የሰገራ ምርመራ ይቅደም። ጠዋት ከምግብ በኋላ ይውሰድ። ባመመው ጊዜ ሁሉ ፋርማሲ እየሄደ የሚደጋግመው ደግሞ አጥንቱን ይጨርሳል። ሥልጠናው ያለው ሐኪም ከተገኘ፣ በታመመው ወገን ከማጅራት በላይ የሚወጋው የነርቭ መርፌም ለጥቂት ሳምንታት ያሳርፋል።

ሕመሙ የሚመላለስበት ወቅት እስኪያልፍ አልኮል በአፉ አይግባ። ጠላም፣ ጠጅም፣ አንዲት ብርሌም ብትሆን በሰዓት ውስጥ ታስነሳበታለች፤ ወቅቱ ካለፈ ግን ላታስነሳ ትችላለች፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቀን አይተኛ፣ የቀለምና የቤንዚን ሽታ ይሽሽ፣ ሲልደናፊል (ቪያግራ) አይዋጥ። ሲነሳበት አታቅፉት፣ ይዛችሁ አታስተኙት፤ መንቆራጠጡ የሕመሙ አካል ነው። በር ክፈቱለት፣ ራሱን የሚያጋጭበትን ድንጋይና ብረት አንሱ። በሕመሙ መሐል «ብሞት ይሻላል» ካለ በቁም ነገር ተቀበሉት፤ ብቻውን አይደር፣ ገመድና ስለት ከአጠገቡ ይራቅ፣ በማግስቱ ሐኪም ይስማው።

ረመዳን ከመጣበት፣ ሕመምተኛ ጾሙን ለሌላ ቀን ማውጣት እንደሚችል ሸሆቹ ይነግሩታል። መጾም ከወሰነ ቀስ ብሎ የሚለቀው ቬራፓሚል ለኢፍጧርና ለሱሁር ሊከፋፈል ስለሚችል፣ ከአሥር ቀን በፊት ሐኪሙን ያማክር። የክርስቲያን ጾም ላይ ጠዋት ሳይበላ ፕሬድኒሶሎን የሚውጥም ሆዱን ሊያቆስል ይችላል።

ክላስተር ነው ብላችሁ መዘናጋት የሌለባችሁ ጊዜም አለ። ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለ፣ ራስ ምታቱ እንደ መብረቅ በአንድ ሰከንድ ከመጣ፣ እጅ እግር ከደከመ፣ ሕመሙ ሳይኖርም የዓይኑ ቆብ እንደወደቀ ከቀረ፣ ዓይኑ ከደበዘዘና በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ከታየው፣ ያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ነው። ዓይን መቅላቱ ብቻ ግን ሁሌ ትራኮማ አይደለም፤ ጠብታ እየገዛችሁ ጊዜ አትፍጁ። ሲነሳ ከ2 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ እየቆየ በቀን ከአምስት ጊዜ በላይ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ኢንዶሜታሲን የተባለው መድኃኒት ጸጥ የሚያደርገው ዘመድ ሕመም ስላለ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲሞክር ጠይቁ።

እስከዚያ ዛሬ ማታ ደብተር ክፈቱ። የተነሳበት ሰዓት፣ የለቀቀበት ሰዓት፣ የትኛው ወገን፣ ምን ወሰደ፣ በስንተኛው ደቂቃ። ሲነሳበት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በስልክ ቅረጹ፤ ቀን ክሊኒክ ሲደርስ ጤነኛ ስለሚመስል፣ የቀላውን ዓይንና መንቆራጠጡን ሐኪሙ የሚያየው በዚያ ብቻ ነው። ደሴ ሪፈራል የውስጥ ደዌ ወይም የነርቭ ሐኪም ጋ ስትገቡ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አንድ ጊዜ የአንጎል ኤምአርአይ፣ ቬራፓሚል ከመጀመሩ በፊት ኢሲጂ፣ እና «ንጹሕ ኦክስጅን፣ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር፣ ከረጢት ባለው ማስክ፣ ለ15 ደቂቃ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት። ወረቀቱ ሲሊንደር ለመከራየት፣ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱም ተረኛው ያቺን ቀጭን ቱቦ እንዳይሰካለት ያግዛችኋል። ወቅቱ ሲያልፍ የጀመረበትን ወር ጻፉት፤ ብዙ ጊዜ በየዓመቱ በዚያው ወራት ስለሚመለስ፣ ከዚያ አንድ ወር ቀድማችሁ ሲሊንደሩን አስሞሉት።