ሕፃን የሬድዮ ጋላክሲ፦ ዕድሜው በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዕድሜው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ስለሆነ አንድ «ወጣት የሬድዮ ጋላክሲ» አነበብኩ። ጋላክሲዎች ቢሊዮን ዓመታት የኖሩ ናቸው ብለን ተምረን የለ? ደግሞስ ዕድሜውን ማን ቆጠረው? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልክ ነሽ ልጄ። ጋላክሲው ራሱ አሮጌ ነው። አዲሱ ነገር ያለው መሃሉ ላይ ነው። እዚያ የተቀመጠው ግዙፍ ጥቁር ቀዳዳ ጋዝ መዋጥ ሲጀምር፣ ከአጠገቡ ሁለት ቀጫጭን ፍሰቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወነጨፋሉ። የሬድዮ ሞገዱ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ወጣት የተባሉትም እነሱ ናቸው።

ስለ ቆጠራው 0710+439 የሚባለውን ወጣት የሬድዮ ጋላክሲ ልንገርሽ። ቁጥሩ የሰማይ አድራሻው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1993 ድረስ አምስት ጊዜ ታይቷል። አንድ ቴሌስኮፕ ብቻውን ስለማይችለው፣ በሺዎች ኪሎ ሜትር የተራራቁ የሬድዮ ቴሌስኮፖችን አቀናጅተው እንደ አንድ ዓይን ተጠቀሙባቸው። ተመራማሪዎቹ ኢዛቤላ ኦውሲያኒክና ጆን ኮንዌይ ምስሎቹን ሲያስተያዩ የሁለቱ ፍሰቶች ጫፎች ተራርቀው አገኟቸው!

አሁን ደብተርሽን አውጪ። በጫፎቹ መካከል ወደ 400 የብርሃን ዓመት ርቀት አለ፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው ርቀት ነው። የሚራራቁበት ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ሲሶ ትንሽ ይበልጣል። ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍይው። 1100 ዓመት ገደማ ይመጣልሻል፤ ፍጥነቱ አልተለወጠም ብለን ነው እንግዲህ። መኪና ከአዲስ አበባ አዳማ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል እያልኩ ዕድሜ ልኬን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ቀመር ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ዕለት በእርሳስ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት። ደስታዬ እስካሁን አልወጣልኝም።

ከዚያ በፊት ክርክር ነበር። እንደ 0710+439 ያሉ ትንንሽ የሬድዮ ጋላክሲዎች ወጣት ሳይሆኑ ጥቅጥቅ ያለ ጋዝ አፍኗቸው ማደግ ያቃታቸው ናቸው የሚሉ ነበሩ። በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ ግን ታፍኗል ለማለት ይከብዳል።

ካደጉ የት ይደርሳሉ? ሲግነስ ኤ የሚባለው ትልቅ የሬድዮ ጋላክሲ ከጫፍ እስከ ጫፍ 400,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ያንን ለመድረስ ሚሊዮኖች ዓመታት ያስፈልጋሉ። ሁሉም ግን አያድግም። ትንንሾቹ ሲቆጠሩ፣ ሁሉም ቢያድጉ ኖሮ ከሚጠበቀው በላይ በዝተው ተገኝተዋል። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ይጠፋሉ ማለት ነው። ምናልባት ጥቁር ቀዳዳው የሚውጠው ጋዝ ያልቅበታል፣ ፍሰቱም ይቆማል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። 1100 ዓመት ያልነው ሞገዱ ሲነሳ የነበረውን ዕድሜ ነው። ከ5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ ነው የደረሰን፤ ሲነሳ ምድራችን አልነበረችም። 0710+439 ከዚያ ወዲያ ይደግ ይጥፋ የሚነግረን ሞገድ ገና መንገድ ላይ ነው።