ኮቪልያና ተራራዋ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ፖርቱጋል ሲባል ሁሉም የሚያነሳው ሊዝበንንና ፖርቶን ነው። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ኮቪልያን ሳታዩ አትመለሱ እላለሁ። ከተማዋ ወደ ስፔን ድንበር ጠጋ ብላ፣ ሴራ ዳ እስትሬላ የሚባለው ተራራ ወገብ ላይ ተቀምጣለች። ስለ እሷ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎቻችሁ ደርሰውኛል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እህታችን፣ ሊዝበን ከደረስኩ በኋላ ለምን ብዬ ነው ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ የምጓዘው?

አንዱ ምክንያት የእኛው ታሪክ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ የአንድ ሰው ሐውልት ቆሟል። ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል፤ የዚያችው ከተማ ልጅ ነው። በ1487 የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዣኦ 2ኛ እሱንና አፎንሶ ዴ ፓይቫ የሚባል ባልደረባውን በድብቅ ላካቸው። ሥራቸው ሁለት ነበር፤ ቅመም የሚመጣበትን መንገድ ማወቅና "ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ" የሚሉትን የክርስቲያን ንጉሥ ማግኘት። ነጋዴ መስለው ካይሮ ገቡ፣ ከዚያ የየመኗ ኤደን ደረሱና ተለያዩ። ፓይቫ ሞተ። ፔሮ ሕንድ ድረስ ሄዶ ካሊከትንና ጎዋን አየ፣ ሆርሙዝን አየ፣ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ እስከ ሶፋላ ወረደ። ካይሮ ሲመለስ ከንጉሡ የተላኩ ሁለት አይሁዳውያን አገኙት፤ የቤጃው ረቢ አብርሃምና የላሜጎው ጫማ ሠሪ ዮሴፍ። አዲሱ ትእዛዝ የባልደረባህን ሥራ ጨርስ፣ ቄሱን ንጉሥ ፈልግ የሚል ነበር።

እናም ኢትዮጵያ ገባ። ዐፄ እስክንድር በደስታ ተቀበሉት፣ እመልስሃለሁም አሉት፤ ግን ብዙም ሳይቆይ በ1494 ዐረፉ። ዐፄ ናዖድ አትሄድም አሉት፤ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመንም እንደዚያው ሆነ። መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ወልዶ ከበደ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ቤተ መንግሥት ሲደርሱ ሀገሩን ከለቀቀ 33 ዓመት ሆኖት ነበር። ቋንቋውንም የአገሩን ደንብም አብጠርጥሮ ያውቅ ስለነበር አስተርጓሚያቸውና መካሪያቸው ሆነ። የሕይወት ታሪኩን ከመልእክተኞቹ ጋር ለመጡት ቄስ ለአባ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ አጫወታቸው፤ እሳቸው ባይጽፉት ዛሬ ስለ እሱ የምናውቀው እጅግ ጥቂት ይሆን ነበር። እኛ ዘንድ ስለ ፖርቱጋሎች ሲነሳ ሁሌም የምንሰማው ስለ ክሪስቶቮ ዳ ጋማና ስለ ጠመንጃዎቹ ነው። ይህ ሰው ግን ያለ ጠመንጃ መጥቶ እኛው ዘንድ የቀረ ነው። ከሐውልቱ አጠገብ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ተራራው ይታያችኋል፤ ልጅ ሆኖ ያየው ያንኑ ተራራ ነው።

ጥያቄ፦ ከተማዋ ውስጥ ሌላስ ምን ይታያል?

ሱፍ! ኮቪልያን ያቆማት ሱፍ ነው። በጎቹ ተራራው ላይ ይሰማራሉ። ካርፒንቴይራና ጎልድራ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ደግሞ በከተማዋ ግራና ቀኝ በኃይል ይወርዳሉ፤ የፋብሪካዎቹን መዘውር ያሽከረክሩ የነበሩት እነሱ ናቸው። በ1764 የንጉሡ ዋና ሚኒስትር በነበረው በማርኪስ ፖምባል ጊዜ የንጉሥ የጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ሕንፃው ዛሬ የቤይራ ኢንተሪዮር ዩኒቨርሲቲ አካልና የሱፍ ሙዚየም ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ትታችሁ እሱን እዩ። ማቅለሚያ ክፍሉ ውስጥ በድንጋይ የተገነቡ ክብ ጉድጓዶች ታያላችሁ፤ ከሥራቸው እሳት የሚነድበት ቦታ አለ። ሱፉ በፈላ ቀለም የሚነከረው እዚያ ነበር። ጎንበስ ብላችሁ እዩአቸው፤ የሙቀቱና የእንፋሎቱ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያኔ ይገባችኋል።

ከዚያ በወንዞቹ ዳር ውረዱ። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ተዘግተው ግድግዳቸው ብቻ ቀርቷል። ከ2011 ጀምሮ ግን ሠዓሊዎች እየተጋበዙ የአሮጌውን ሰፈር ግድግዳ ይስላሉ። ቦርዳሎ 2ኛ የሚባለው አርቲስት ከወዳደቀ የመኪና ዕቃ የሠራው ትልቅ ጉጉት አለ፤ እንዳያመልጣችሁ። የሳንታ ማሪያ ቤተ ክርስቲያንም ፊቷ በሰማያዊና ነጭ ሸክላ ተሸፍኖ የእመቤታችን ታሪክ ተሥሎበታል።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ እናቴን ይዤ ልሄድ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከተማዋ ዳገት ናት አሉኝ፤ ይችሉት ይሆን?

ዳገትስ ዳገት ናት፤ አልደብቅህም። ግን ለነዋሪው ተብለው የተሠሩ የሕዝብ አሳንሰሮችና ሽቅብ የምትጎተት ትንሽ ባቡር አሉ። የምታርፉበትን ቤት ማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ አካባቢ ያዝ፤ አሳንሰሮቹ እየሠሩ መሆኑን ደግሞ ስትደርስ ጠይቅ። የካርፒንቴይራን ሸለቆ የሚያቋርጠው የእግረኛ ድልድይ ለእሳቸው ይመቻል። ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ሜዳ ነው። ከፍታ የሚያስፈራቸው ከሆነ ግን ይቅርባቸው፤ ከሥሩ ያለው ገደል 50 ሜትር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ተራራውን በአንድ ቀን እንዴት ልየው? ከፍታው ያሳምማል?

ለአዲስ አበባ ልጅ ከፍታው ምንም አይደለም። ጫፉ ቶሬ ይባላል፣ 1,993 ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል ማለት ነው! 2,000 እንዲሞላ ብለው 7 ሜትር የድንጋይ ማማ አቁመውበታል። ብርዱ ግን ሌላ ነው፤ በእነሱ ክረምት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በረዶ ይወርዳል፣ መንገዱም ይዘጋል።

መኪና ተከራዩ። በጠዋት ከኮቪልያ ተራራው ላይ ወዳለችው ፔንያስ ዳ ሳውዴ ውጡና ወደ ቶሬ ቀጥሉ። ቶሬ ላይ ብዙ አትቆዩ። መኪና ማቆሚያና ሱቅ ነው የሚበዛበት፤ ውበቱ ያለው ከሥሩ ነው። ስትመለሱ ወደ ማንቴይጋስ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። የዜዜሬ ሸለቆ የሚከፈተው እዚያ ነው፤ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግግር በረዶ የቦረቦረው፣ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሸለቆ። ወንዝ የፈለፈለው ሸለቆ ታቹ ይጠብባል፤ የዚህ ግን ወለሉ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወለሉ ላይ የእረኞች የድንጋይ ጎጆዎች አሉ፤ የአንዳንዶቹ ጣራ ዛሬም የአጃ ገለባ ነው። ኮቫዎ ዳሜታዴ ላይ ውረዱና ምሳችሁን ብሉ። ነጭ ግንድ ያላቸው ዛፎች መሀል፣ ገና ከምንጩ ብዙ ያልራቀው ዜዜሬ ይፈስሳል። ልጆች ካሏችሁ ከዚያ ማስነሳት ያስቸግራችኋል።

ማንቴይጋስ አጠገብ ፖሱ ዱ ኢንፌርኑ የሚባል ፏፏቴ አለ። በእነሱ በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ውሃው ይቀንሳል፤ በጸደይ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ድንቅ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛው ወር ይሻላል?

ግንቦትና ሰኔ፣ ወይም መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። በሰኔ ጎረቤቷ ፉንዳዎ የምታመርተው ቼሪ ይደርሳል፤ ከመንገድ ዳር ገዝታችሁ ብሉ። በነሐሴ ሙቀቱ ያይላል፣ እሳትም ያሰጋል። በነሐሴ 2022 ከኮቪልያ በኩል የተነሳ ቃጠሎ ከ20,000 ሄክታር በላይ በላ። ዛሬም የከሰሉ ግንዶች ታያላችሁ። እሳት የሚባል ነገር አታንድዱ፤ የሲጋራ ቁራጭም አትጣሉ። የተዘጋ መንገድ ካያችሁ ሳትከራከሩ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ ከሊዝበን በምን ልሂድ?

በባቡር፤ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስትሄዱ በስተቀኝ በኩል ተቀመጡ። ከአብራንቴስ በኋላ ሐዲዱ የቴዦን ወንዝ ተከትሎ ይሄዳል። ሮዳዎ ላይ ወንዙ በሁለት ትላልቅ ገደሎች መካከል ሲያልፍ ታያላችሁ፤ እዚያ ጋ ስልካችሁን አስቀምጡና በዓይናችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ነኝ። ምን እበላለሁ?

ዳቦ፣ ወይራ፣ ባቄላ፣ ሰላጣ፣ በመከር ደግሞ ካስታንያ የሚባለው የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ። ካልዱ ቬርዴ የሚባለው የጎመን ሾርባ ጥሩ ነው፤ ግን ቋሊማ ስለሚጨምሩበት "ሳይን ካርን" በሉ፣ ያለ ሥጋ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ስለ አይቡ ብዙ ሰማሁ። ሙስሊም ነኝ፤ ከምን እንደሚረጋ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። የሴራ ዳ እስትሬላ አይብ ከበግ ወተት ይሠራል። ወተቱን የሚያረጉት በጥጃ ጨጓራ ሳይሆን ኮሸሽላ በሚመስል እሾሃማ አበባ ነው። ሌላ የሚገባበት ጨው ብቻ ነው። ከላይ እንደ ክዳን ተቆርጦ ይነሳል፣ ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ በማንኪያ ይጨለፋል። ግን የእውነተኛው አይብ ማረጋገጫ ማኅተም እንዳለበት አይታችሁ ግዙ። ያልፈላ ወተት ስለሆነ ነፍሰ ጡሮች ይቅርባችሁ።

ጥያቄ (ከእስራኤል)፦ ቤልሞንቴ ሩቅ ናት?

ቅርብ ናት፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በ1497 የፖርቱጋል አይሁዳውያን በግድ ክርስቲያን ሲደረጉ የዚያች ከተማ ሰዎች እምነታቸውን በቤታቸው ደብቀው ለዘመናት አቆዩት፤ በተለይ ሴቶቹ ጸሎቱን በቃል ለልጆቻቸው እያስተላለፉ። ምኩራባቸው የተከፈተው በ1996 ነው። ሙዚየምም አላቸው። እምነታቸውን ጠብቀው ከኖሩ ወላጆች ለተወለዳችሁ ለእናንተ የግማሽ ቀን ጉብኝት አይበቃም፤ ሙሉ ቀን ስጧት።

ጥያቄ፦ ቪዛስ?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካላችሁ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። በሌላ የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን በእሱው ትገባላችሁ። የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ግን አይሠራም።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ይበቃል?

ሦስት ሌሊት እደሩ። አንዱን ቀን ለከተማዋ፣ አንዱን ለተራራው፣ አንዱን ለቤልሞንቴ። የተራራውን ቀን አስቀድማችሁ አትቁረጡ፤ ጉም ካለ ምንም አይታይምና ጠዋት ሰማዩን አይታችሁ ወስኑ። ሙዚየሙ የሚዘጋበትን ቀን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ።