«ደህና ነኝ» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ

ጥያቄ፦ ከቤተሰቤ ርቄ በማላውቀው አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የአካባቢው ሰዎች አነጋገር ይከብደኛል። ሁሉም ጓደኛ አግኝቶ እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ወደ ተማሪዎች ክበብ ሄጄ ማንም ሳያናግረኝ ተመለስኩ። እናቴ ማታ ማታ ስትደውል «ደህና ነኝ» እላታለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ አለቅሳለሁ። ትምህርቱን ትቼ ብመለስስ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ «አንድ ጊዜ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ናፍቆትሽ በሽታ አይደለም፤ የሚወደውን ትቶ የሄደ ሰው ይናፍቃል። የሚያሳስበኝ ከዚያች አንዲት ቀን ተነስተሽ «አልፈለጉኝም» ማለትሽ ነው። እኔ እንደዚያ አልፈርድም። እነዚያ ልጆች ገና አላወቁሽም።

ሪቻርድ ሞርላንድ እና ስኮት ቢች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ጥናት አለ። መልካቸው የሚቀራረብ አራት ሴቶችን መርጠው አንዷን ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ጨርሶ አስቀሯት፤ ሌሎቹ 5፣ 10 እና 15 ጊዜ ገብተው ተቀመጡ። ከተማሪዎቹ ጋር አልተነጋገሩም። በኋላ ተማሪዎቹ የአራቱንም ምስል አይተው አስተያየት ሲሰጡ፣ ብዙ ጊዜ የመጣችው ይበልጥ ተወደደች። ዝም ብሎ ደጋግሞ መታየት እንኳ ይህን ያህል ይሠራል። ጄፍሪ ሆል የተባለ ተመራማሪ ደግሞ ተዋውቀው የሚያውቁትን ሰው ተራ ጓደኛ ለማድረግ 50 ሰዓት ያህል፣ የልብ ጓደኛ ለማድረግ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። አንቺ ለክበቡ የሰጠሽው ምናልባት አንድ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ወደዚያው ክበብ ተመለሺ። ሦስት አራት ክበብ አትሞክሪ፤ አንዱን ይዘሽ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አትቅሪ። ሥራም ጠይቂ፤ ወንበር መደርደር ይሁን፣ የመጡትን ስም መመዝገብ ይሁን። መዝገቡን የያዘች ልጅ የሁሉንም ስም ታውቃለች፤ ሁሉም እሷን ያናግራታል። ለዓይን አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ያልገባሽ ቃል ሲያጋጥምሽ አጠገብሽ ያለችውን ጠይቂያት፤ ወሬ የሚጀመረው እንዲህ ባለ ትንሽ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። «ደህና ነኝ» የምትይው እንዳትጨነቅ ብለሽ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን በየማታው ማስመሰሉ ከናፍቆቱ በላይ እያደከመሽ ይመስለኛል፤ እናትም የልጇን ድምፅ ታውቃለች። «እማዬ፣ ከብዶኛል፤ ግን እየሞከርኩ ነው። መፍትሔ ፈልጊልኝ አልልሽም፤ ስሚኝ ብቻ» በያት። ክበቡ በሚሰበሰብበት ቀንም ከስብሰባው በኋላ እንድትደውል ንገሪያት፤ ያን ጊዜ የምታወሪላት ነገር ይኖርሻል።

መመለስ ነውር አይደለም። ቢሆንም ልቅሶ ባለበት ምሽት የሚወሰን ነገር አይደለምና እስከ ሴሚስተሩ ማብቂያ አቆዪው። እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለሽ፣ ከክፍል መቅረት ከጀመርሽ፣ ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ምንም አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ሂጂ፣ ለእናትሽም ንገሪያት።

ለቀጣዩ ስብሰባ አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። ወንበር የሚደረድር ሰው የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው።