አበባው የሚረግፈው ቃሪያ

ጥያቄ፦ በባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካኖች ቃሪያ ተክዬ ደጃፌ ላይ ደርድሬአለሁ። ግንዱ ጠንካራ፣ ቅጠሉም ለምለም ነው። አበባ ያወጣል፤ ነገር ግን ሳይቆይ ከነአንገቱ ይረግፋል። እስካሁን አንድም ፍሬ አልያዘልኝም። ጎረቤቴ «ዩሪያ ጨምሪበት» ትለኛለች። ልጨምር? (ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ዩሪያውን ተዪው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ የናይትሮጅን ሥራ ደግሞ ቅጠል ማለምለም ነው። ያንቺ ቃሪያ ቅጠል አላነሰውም። ብትጨምሪበት ይበልጥ ይለመልማል፣ አበባውን ግን መጣሉን አይተውም። አምስት ሊትር በማይሞላ አፈር ውስጥ ደግሞ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ሥሩን ያቃጥለዋል።

አበባውን የሚጥለው የሌሊቱ ብርድ ነው። ቃሪያ የሞቃት አገር ተክል ነው። የሌሊቱ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ የአበባው ብናኝ ይደክማል፤ ያልዳበረው አበባም አንገቱ ቢጫ ይሆንና ይወድቃል። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቷ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ከ10 ዲግሪ በታች ነው፤ ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ ውርጩ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ቃሪያ ማልማት የሚፈልግ ሰው ስለ ማዳበሪያ ከማሰቡ በፊት ተክሉ የት እንደሚያድር ያስብ።

እኔ ጀሪካንን ከመደብ የማስበልጠው ለዚህ ነው። መሬት ላይ የተተከለ ቃሪያ ውርጭ በመጣበት ሌሊት የትም አይሸሽም፤ እጀታ ያለው ጀሪካን ግን ተይዞ ቤት ይገባል። ስለዚህ የጀሪካኑን አናት ስትቆርጪ እጀታውን አታንሺው፤ ከእጀታው ጎን ያለውን ትከሻ ብቻ ክፈቺ። በእኔ ቤት ቃሪያዎቹ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ይገባሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ግድግዳውን መምታት ስትጀምር ይወጣሉ። የምታሳድሪበት ክፍል ጭስ የማይበዛበት ይሁን፤ ጭስም አበባ ያረግፋል።

ቤት ማስገባት ካልቻልሽ ወደ ደቡብ የሚያይ የድንጋይ ግድግዳ ፈልጊ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ድንጋዩም ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። ጀሪካኖቹን ከግድግዳው ሥር አስጠግተሽ ደርድሪያቸውና በላያቸው በቀርከሃ ደግፈሽ ብርሃን የሚያስገባ ላስቲክ ዘርጊ። መካከላቸው ጥቁር የተቀባ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን አስቀምጪ። ውሃው ቀን ይሞቃል፣ ሌሊቱንም ላስቲኩ ሥር ያለውን አየር ያለዝበዋል። ጠዋት ላስቲኩን መግለጥ አትርሺ፤ እርጥበት ከታፈነ ሻጋታ ይመጣል። የቧንቧ ውሃም እንደቀዳሽ አታጠጪ። ፀሐይ ላይ አስቀምጠሽ ብርዱ ሲለቀው ይሻላል።

አበባውን የጣለ ተክል አልሞተም። ሌሊቱ ሲመቸው እንደገና ያብባል። በዚያን ጊዜ፣ ንብና ነፋስ በማይደርስበት ቦታ ካለ፣ ረፋዱ ላይ ግንዱን በጣትሽ ነካ ነካ አድርጊው። ቃሪያ ብናኙን ከራሱ አበባ ስለሚያገኝ ይህ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ቃሪያ ለመትከል የውሃ ጠርሙሶች፣ የቀለም ባልዲና አጎቴ ከእርሻ ያመጣው የፀረ ተባይ ጀሪካን አሉኝ። የፀረ ተባዩ ትልቅና ጠንካራ ነው። በሳሙና ደጋግሜ ባጥበው ይሆናል? አፈሩስ ምን ዓይነት ይሁን? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ልጄ፣ አይሆንም። በሳሙናም፣ በአመድም፣ በፈላ ውሃም ብታጥበው አይሆንም። መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይገባል፤ በማጠብ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። አትክልትም አትትከልበት፣ ውሃም አትቅዳበት። ጭሱ መርዝ ስለሆነ አታቃጥለው። ሌላ ሰው አንሥቶ ለጠላ ወይም ለውሃ እንዳይጠቀምበት በምስማር ብሳውና ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጥ፤ ስለ አወጋገዱም የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ። በገበያ ቀን እንዲህ ያሉ ጀሪካኖች ከዘይቱ ጋር ተደባልቀው ሲሸጡ ሳይ በጣም አዝናለሁ። ለእናትህም ንገራት።

የዘይት ጀሪካን ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ጥሩ ማሳደጊያ ነው። የዕቃዎችህን ሥር ገልብጠህ እይ፤ በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ቁጥር ታገኛለህ። 2 እና 5 ለዚህ ሥራ የሚመረጡ ናቸው። 1 ቁጥሩ የውሃ ጠርሙስ ነው፤ ችግኝ ማፍያ ይሆንሃል፣ ትልቅ ተክል ግን አይችልም። 3 እና 6ን ተዋቸው። የቀለም ባልዲው የዘይት ቀለም ወይም ቲነር ይዞ ከነበረ እሱንም ተወው። ጠርሙሱ ብርሃን ስለሚያስገባ ሥሩ አጠገብ አረንጓዴ ሽበት ይበቅላል፤ ዙሪያውን በወረቀት ወይም በጨርቅ ሸፍነው። በጋለ ምስማር ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ብሳው። ብዙ ተክል የሚሞተው ከውሃ ጥማት ይልቅ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተኝቶ በመበስበስ ነው።

አፈሩን በተመለከተ፣ ጥቁሩን ዋልካ ብቻውን ዕቃ ውስጥ አታስገባ። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥሩንም ይበጥሰዋል። ሁለት እጅ ቀላል አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ አዋህድ። በእኛ አገር የከብቱ ኩበት ለማገዶ ስለሚሄድ የበግ ፍግ ማግኘት ይቀላል። ግን ትኩስ አይሁን፤ ሽታው ጠፍቶ አፈር እስኪመስል ይቆይ። ድንች ወይም ቲማቲም ከነበረበት መደብ አፈር አትውሰድ። ከቃሪያ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታቸውም ይጋባል። ትምባሆም የዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ የሚያጨስ ሰው ችግኙን ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠብ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ቃሪያዬ ጥሩ ያፈራል፤ ሆኖም የፍሬው ጫፍ ይጠቁርና ይበሰብሳል። የሚረጭ መድኃኒት ይንገሩኝ። ጥቁር ባልዲዎች ነው የምጠቀመው። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ገንዘብዎን አያውጡ። ይህ ተባይ አይደለም፣ ከሌላ ተክል የተጋባ በሽታም አይደለም። ፍሬው ካልሲየም ሲያጥረው ነው የሚጠቁረው። ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ግን ውሃ ነው። አንድ ቀን ደርቆ ሌላ ቀን የሚጥለቀለቅ አፈር ለፍሬው በእኩል አያደርስም።

ከጣርማበር ቁልቁል ሲወርዱ ሹራብ የሚወልቀው በከንቱ አይደለም። እርስዎ ያሉት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ለእኛ ለደገኞቹ የምመክረው ሁሉ ለእርስዎ ይገለበጣል። ጥቁር ባልዲ ደጋ ላይ ሥርን ያሞቃል፣ ሮቢት ላይ ግን ይቀቅለዋል። ባልዲዎቹን ከውጭ ኖራ ይቀቧቸው ወይም በነጭ ከረጢት ይጠቅልሏቸው። የአፈሩን ፊት በጤፍ ጭድ ያልብሱት። በበጋው ማለዳና ማታ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ልክ ያጠጡ። ከቻሉ ወደ 20 ሊትር ዕቃ ያዛውሩት፤ ብዙ አፈር ቶሎ አይደርቅም። የጠቆሩትን ፍሬዎች ቆርጠው ይጣሉ፤ አይድኑም፣ ተክሉንም ያደክማሉ። ከእንግዲህ የሚይዙት ንጹሕ ይሆናሉ። ጥቁረቱ ከጫፉ ሳይሆን ፀሐይ በሚመታው ጎን ነጣ ብሎ ከጀመረ ግን ቃጠሎ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ያብጁለት።

ጥያቄ፦ ሚጥሚጣና ቃሪያ ጎን ለጎን ተክያለሁ። ባለቤቴ «ቃሪያው ሚጥሚጣ ይሆናል» ይላል። እውነት ነው? (ከአረርቲ)

መልስ፦ የዘንድሮው ፍሬ አይለወጥም። የምንበላው ሥጋ የእናቲቱ ተክል አካል ስለሆነ ብናኙ ከየትም ቢመጣ ቃጠሎውን አይቀይረውም። የሚለወጠው ዘሩ ነው። ንብ አዳቅላቸው ከሆነና ያንን ዘር ለሚቀጥለው ዓመት ከዘራሽው ያልጠበቅሽው ይበቅላል። ዘር ልትይዢ ካሰብሽ አንዱን አበባ ሳይፈነዳ በስስ ጨርቅ ሸፍኚው። በነገራችን ላይ፣ የሚያቃጥለው ፍሬው ውስጥ ያለው ነጩ ጅማት ነው። ለልጆች ስንግ ስትሠሪ እሱን በማንኪያ ፋቂው።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ላይ ቃሪያ ይሆናል? በጾም ከገበያ እየገዛሁ ተማረርሁ። ከደረቅ በርበሬ ያወጣሁት ዘርስ ይበቅላል? (ከመንዝ)

መልስ፦ እማማ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነዎትና እውነቱን ልንገርዎት። ደጅ ላይ አይሆንም። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ወይም በላስቲክ ቤት ውስጥ ግን ይሆናል። ለወጥ ማጣፈጫ የሚበቃ ያገኛሉ፤ ለድልህ የሚሆን ግን አይጠብቁ። ሚጥሚጣውን ይተዉት፤ ረጅም ሙቀት ይፈልጋል።

የገበያው ዘር ይበቅላል፤ ሻጋታ ያልነካው፣ እሳት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ላይ የደረቀ ዛላ ይምረጡ። ዘሩን ከጥምቀት በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ምጣዱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል፤ እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት ከየትኛውም ክፍል ይሻለዋል። ጨርቁ እንዳይደርቅ እንጂ ውሃ እንዳያቁር። ሲያቆጠቁጥ በተቆረጠ ጠርሙስ ውስጥ ዝሩት። አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ጀሪካን ያዛውሩት። ይህም መጋቢት ላይ ይደርሳል፤ ሰኔ ገብቶ ደመናው ፀሐዩን ሳይሸፍነው አበባ እንዲይዝ ጊዜ ያገኛል።